አያ ጅቦና ያረጀችው መርከብ

አህያና ጅብ ከአንድ ወንዝ ሊጠጡ ወረዱ አሉ። ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች። ጅቡ ቀና አለና «ውሃውን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» አላት። ውሃ ወደ ላይ እንደማይፈስ እሷም ታውቃለች፤ የነገሩ መጨረሻም ገብቷታል። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

ይህችን ተረት ያልሰማ የለም። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አህያዋ ከላይ፣ ጅቡ ከታች ቢሆኑስ ኖሮ? እሷም የእውነት ውሃውን አደፍርሳው፣ እሱም የእውነት ርቦት ቢሆንስ? ያን ጊዜ «ሳታመካኝ ብላኝ» ብላ አታመልጥም፤ ሽማግሌ መቀመጡ አይቀርም። ሽማግሌዎቹስ ምን ብለው ይጠይቃሉ? የጅቡን ረሃብ ይመረምራሉ ወይስ ውሃው ምን ያህል እንደ ደፈረሰ ወርደው ያያሉ?

የዛሬው ትረካ የዚህ ዓይነቱ ነው። ጅብም አህያም የለበትም፤ መርከብ፣ የድንጋይ ከሰል፣ የሚጠጣ መካኒክ፣ የብርቱካን ልጣጭ አለበት። ሁሉም የሆነ ነው፤ ከፍርድ ቤት መዝገብ የወጣ። እስቲ ጠጋ በሉ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1956 የግብፁ ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር የስዌዝን ቦይ ለግብፅ መንግሥት ወረሰ። መጸው ላይ እስራኤል፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦር አዘመቱበት፤ ቦዩም በሰመጡ መርከቦች ተዘጋ። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚመላለስ ጭነት ሁሉ አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር ግድ ሆነበት። መንገድ ሲረዝም አንዲት መርከብ በዓመት የምታደርገው ምልልስ ያንሳል፤ ያንኑ ዕቃ ለማጓጓዝ ብዙ መርከብ ያስፈልጋል። ኪራይ ጣሪያ ነካ። አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ብቻ የሚንሳፈፍ ብረት ያለው ሰው ጌታ ሆነ።

በዚህ ግርግር መሀል፣ ዲሴምበር 26 ቀን፣ በፈረንጆቹ ገና ማግስት ማለት ነው፣ ካዋሳኪ ኪሰን ካይሻ የተባለው የጃፓን የመርከብ ኩባንያ «ሆንግኮንግ ፈር» የምትባል መርከብ ለ24 ወራት ለመከራየት ፈረመ። ኪራዩ በወር፣ በመጫን አቅሟ ልክ፣ ለአንድ ቶን 47 ሽልንግ። ያኔ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነበርና ለቶኑ ከ2 ፓውንድ በላይ መሆኑ ነው። አከራዮቹ በውሉ ላይ ሁለት ነገር ቃል ገቡ፤ መርከቧ በማናቸውም ረገድ ለተለመደው የጭነት ሥራ ብቁ ሆና ትሰጣለች፣ በኪራዩም ዘመን ሁሉ አካሏና ሞተሯ በደንብ ተጠብቆ ይቆያል።

በየካቲት 1957 በ13ኛው ቀን ሊቨርፑል ላይ ርክክብ ሆነ። መርከቧ ባዶዋን አትላንቲክን አቋርጣ፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ከምትገኘው ኒውፖርት ኒውስ የድንጋይ ከሰል ጭና፣ ጃፓን ኦሳካ ልታራግፍ ጉዞ ጀመረች።

አሁን ወደ ሞተር ክፍሉ እንውረድ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ሞተሮቹ አርጅተዋል። አርጅተዋል እንጂ አልሞቱም፤ የሚያውቃቸው፣ የሚጠነቀቅላቸውና በቁጥርም የሚበቃ ሰው ካገኙ ይሠራሉ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይህን ለማስረዳት ዳኛ አያስፈልገውም። ሆንግኮንግ ፈር ግን ያንን ሰው አላገኘችም። የሞተር ክፍሉ ሠራተኞች በቁጥርም አይበቁ፣ በሙያም አይበቁ። አለቃቸው ዋናው መካኒክ ደግሞ መጠጥ ያሸነፈው ሰው ነበር። ይህን ሐሜት እንዳትሉት፤ በችሎቱ የተረጋገጠ ነው።

የሚሆነው ሆነ። መርከቧ እየተሰበረች፣ በየወደቡ እየተጠገነች፣ እንደገና እየቆመች ተጓዘች። ከሊቨርፑል ኦሳካ እስክትደርስ ባሕር ላይ የዋለችው ስምንት ሳምንት ተኩል ያህል ሲሆን፣ አምስት ሳምንት ገደማ ደግሞ ለጥገና ቆማለች። በግንቦት መጨረሻ ኦሳካ ስትገባ ሌላ ጉድ ተሰማ፤ እንደገና ወደ ባሕር ለመውጣት ወደ 15 ሳምንት የሚጠጋ ጥገና ያስፈልጋታል።

እስኪ በካዋሳኪ ወንበር ተቀመጡ። በውድ ዋጋ መርከብ ተከራይታችኋል። ብቁ ናት ተብላችሁ ነበር፤ አይደለችም። መካኒኩ ይጠጣል። ከሰሉ ዘግይቶ ገባ። አሁን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ወደብ ላይ ተገትራ ልትከርም ነው። ደም አይፈላም? ይፈላል። ውሃው ደፍርሷል፤ ማንም አይክድም። የአከራዮቹ ጠበቃ እንኳ መርከቧ ሊቨርፑል ላይ ጤነኛ ነበረች ብሎ ዳኞችን ማሳመን አልቻለም።

ረሃቡስ? እሱም አለ። የስዌዝ ቦይ በዚያው ዓመት ጸደይ ተከፍቷል። መርከቦች በአጭሩ መንገድ መመላለስ ጀምረዋል፤ ገበያውም ተንዷል። በታኅሣሥ 47 ሽልንግ የተባለው ኪራይ በሰኔ አጋማሽ 24 ሽልንግ ገባ። በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ 13 ሽልንግ ተኩል! ከመንገዱ ማዶ፣ ሳትጠጣ የምትሠራ መርከብ፣ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በማይሞላ ዋጋ ትገኛለች። ካዋሳኪ ግን ገና ከአንድ ዓመት ተኩል ያላነሰ ጊዜ 47 ሽልንግ ሊከፍል ፈርሟል።

በሰኔ መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ብቁ ያልሆነች መርከብ ሰጥታችሁናል፣ ውሉን ሰርዘናል፣ ካሳም እንጠይቃለን የሚል ነው። አከራዮቹ ደግሞ ውሉን ያለ አግባብ የምታፈርሱት እናንተ ናችሁ ብለው መለሱ። ጥገናው ቀጠለ፤ የሞተር ክፍሉም ብቁ ሠራተኛ አገኘ። በመስከረም አጋማሽ መርከቧ ድና፣ ለባሕር ተዘጋጅታ ቆመች። ተከራዮቹ ግን ቀደም ብለው ሁለተኛ የስረዛ ደብዳቤ ልከዋል። ከዚህ በኋላ አከራዮቹ ክስ መሠረቱ።

ክሱ ለንደን ላይ በመጀመሪያ ለዳኛ ሳልሞን ቀረበ፤ አከራዮቹ ረቱ። ካዋሳኪ ይግባኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ሦስት የይግባኝ ዳኞች፣ ሴለርስ፣ አፕጆንና ዲፕሎክ፣ የሰጡት ፍርድ እስከ ዛሬ በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይነበባል። ካዋሳኪ እንደገና ተረታ።

እንዴት ሆኖ? መርከቧ ብቁ እንዳልነበረች ዳኞቹ አላመኑም? አምነዋል! የካዋሳኪ ጠበቆችም የተማመኑት በዚሁ ነበር። የመርከብ ብቃት የውሉ ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ ከተነካ ቤቱ ፈረሰ፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም ብለው ተከራከሩ።

አፕጆን ለዚህ መልስ የሰጠው በአንዲት ምስማር ነው። ከእንጨት መርከብ ሳንቃ አንድ ምስማር ቢጎድል በሕግ ዓይን መርከቧ ብቁ አይደለችም። የመድኃኒት ሣጥኑ ሳይሟላ፣ መልሕቆቹ ሳይሟሉ ብትነሣም እንደዚሁ። ታዲያ ሁለት ዓመት የተዋዋሉ ነጋዴዎች አንድ ምስማር በጎደለ ቁጥር ውሉ እንዲፈርስ አስበው ፈረሙ ብሎ የሚያምን ማን ነው? ምስማሩ ይመታል፣ መድኃኒቱ ይገዛል፣ ጉዞው ይቀጥላል። በሌላ በኩል የዚያው ቃል መጣስ መርከቧን ባሕር ውስጥ ሊያስቀራት ይችላል። አንዱ ቃል ከምስማር እስከ መስመጥ የሚደርስ ጥፋት በሆዱ ይዟል። ስለዚህ የተጣሰው ቃል ምንኛ ትልቅ ስም እንዳለው ማየት አይበቃም።

ዲፕሎክ ነገሩን ወደ አንድ ጥያቄ አወረደው። በጥፋቱ ምክንያት የተበደለው ወገን ከውሉ ሊያገኝ ይገባው ከነበረው ጥቅም ዋናው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ቀርቶበታል ወይስ አልቀረበትም? ከቀረበት ውሉን ጥሎ ይሂድ። ካልቀረበት የደረሰበትን ጉዳት አስልቶ ካሳውን ይቀበል፤ ራሱ ግን በውሉ ይቆይ። እንግዲህ ሆንግኮንግ ፈር ከ24 ወሯ ስንት ቀራት? ጥገናው አልቆ ስትነሣ ገና 17 ወር ነበራት። ለቆመችበት ጊዜ ውሉ ራሱ ኪራይ አያስከፍልም። ተከራዩ ከፈለገ የቆመችበትን ጊዜ በመጨረሻ ላይ ማስጨመርም ይችል ነበር። አሥራ ሰባት ወር የምትሠራ መርከብ እጁ ላይ ያለች ሰው ሁሉ ነገር ቀረብኝ ሊል አይችልም።

የፍርዱ መራራ ክፍል ገና ነው። ካዋሳኪ የመሰረዝ መብት ሳይኖረው ሰርዟል ከተባለ፣ ውል አፍራሹ ማን ሆነ? ራሱ ካዋሳኪ! መጀመሪያ የተበደለው ሰው መጨረሻ ላይ በዳይ ሆኖ ተገኘ። በ47 ሽልንግና በወደቀው ገበያ መካከል ላለው ልዩነት ካሳ ክፈል የተባለውም እሱ ነው። ሸሽቶት የነበረው ዋጋ ዞሮ ከፊቱ ቆመ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። አንዳንድ ሰው ይህን ፍርድ ሲሰማ፣ ዳኞቹ የካዋሳኪን ስግብግብነት አይተው ቀጡት ይላል። እኔ አይመስለኝም። የሰኔው ደብዳቤ ገበያው ባይወድቅ ኖሮ እንደማይጻፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ነገር ግን ነጋዴ ዋጋ አያይም ማለት ገበሬ ሰማይ አያይም እንደ ማለት ነው። ሕጉ የጠየቀው ለምን ፈለግህ ብሎ አይደለም፤ የደረሰብህ ጉዳት እስከ ምን ድረስ ነው ብሎ ነው። መርከቧ ኦሳካ ላይ ለዘለቄታው ብትሞት ኖሮ፣ ካዋሳኪ በወደቀው ገበያ ልቡ እየሳቀ ቢሰርዝ እንኳ መብቱ ነበር። የጅቡ ረሃብ ማስረጃ አይሆንበትም፤ ምክንያትም አይሆንለትም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው? የሚገርመው የጊዜው መገጣጠም ነው። ሆንግኮንግ ፈር ለንደን ላይ ስትካሰስ፣ አዲስ አበባ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይሰናዳ ነበር። አርቃቂው ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነው። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ ከመስከረም 1953 ጀምሮ ይሠራበታል። የለንደኖቹ ዳኞች በፍርድ ብዛት ተጉዘው የደረሱበትን ጥያቄ የእኛ ሕግ በአንድ አንቀጽ ጽፎ አስቀምጦታል፤ ቁጥር 1785። ዳኛ ውል ሲሰርዝ የሁለቱንም ወገን ጥቅምና ቅን ልቦናን ይመልከት ይላል። መሠረታዊ የሆነ የውል ቃል ካልተጣሰ በቀር ውል አይሰረዝም ይላል። ቀጥሎም መለኪያውን ይሰጣል፤ ያልተፈጸመው ነገር የውሉን ዋና ነገር ነክቷል ወይ? ስረዛ የሚጠይቀው ሰውስ ያ ቃል ባይኖር ኖሮ መጀመሪያውኑ አይዋዋልም ነበር ለማለት ይቻላል ወይ?

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከዲፕሎክ ጥያቄ ይለያል፤ እኔም በበኩሌ እወደዋለሁ። ዲፕሎክ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ቆሞ ወደ ፊት ያያል፤ ምን ቀረ ይላል። የእኛው ደግሞ ወደ ፊርማው ቀን ይመለሳል፤ ያን ቀን ይህ ሰው ምን ፈልጎ ብዕር አነሣ ይላል።

እንበል፣ ልጁን እሑድ የሚድር አባት ድንኳንና ወንበር ተከራየ። ድንኳኑ ቅዳሜ ተተከለ፤ ከ300 ወንበር 20 ጎደለ። አባትየው ይቆጣል፣ ከጎረቤት ይዋሳል፣ ከኪራዩም ያስቀንሳል። ግን «ውሉ ፈርሷል፣ ምንም አልከፍልም» ቢል የሚሰማው የለም። አሁን ደግሞ ወንበሩ ሙሉ ሆኖ፣ ድንኳኑም አዲስ ሆኖ፣ ሰኞ ጠዋት መጣ እንበል። ማን ይቀበለዋል? ዕቃው እንከን የለውም፤ የዘገየውም አንድ ቀን ነው። ሆኖም ከዚያ ውል ለአባትየው የተረፈው ምንም የለም።

በለንደን ኦፔራ ቤቶችም ይኸው ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ሁለቱም ጉዳይ የተፈረደው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ቤቲኒ የሚባል ዘፋኝ ለሦስት ወር ተኩል ለመዝፈን ሲዋዋል፣ ሥራው ከመጀመሩ ስድስት ቀን በፊት ለልምምድ ለንደን እንደሚገባ ቃል ሰጠ። ታመመና ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ። አሠሪው አባረረው፤ ተሳስተሃል ተባለ። ማዳም ፑሳር ደግሞ ለአንድ አዲስ የሙዚቃ ቴአትር ዋናዋ ዘፋኝ ሆና ተቀጠረች። መክፈቻው ሲደርስ ታመመች፤ የመጀመሪያዎቹ ትርኢቶች አለፏት። ቴአትሩ ሌላ ዘፋኝ ቀጠረ። እሷ ድና ስትመጣ ቦታሽ ተይዟል አሏት፤ ፍርድ ቤቱም ልክ ናችሁ አላቸው። ሁለቱም ታመዋል፤ ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም። የመክፈቻ ሌሊትና የልምምድ ቀን ግን እኩል አይመዘኑም።

ወደ እኛ ሕግ ልመለስና ነጋዴውን ብዙ ጊዜ የሚጥለውን ነገር ልንገራችሁ። ሰው ጥፋቱ ከባድ መሆኑን አጣርቶ፣ እውነትም ይዞ፣ በአካሄድ ይረታል። ቁጥር 1772፣ ውሉ አልተፈጸመልኝም ለማለት አስቀድሞ ባለ ግዴታውን ፈጽም ብሎ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል ይላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ተመጣጣኝ የሆነ ቀነ ገደብ መስጠትና ከዚያ ወዲያ አልቀበልም ማለትም ይቻላል። ቀኑ ካለፈ ተዋዋዩ ራሱ ሊሰርዝ ይችላል። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ጊዜዎችም አሉ፤ የሠርጉ ድንኳን አንዱ ነው፣ ቀኑ ካለፈ ነገሩ አልፏል። አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ለተናገረ ሰው፣ ወይም ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ተብሎ በውሉ ለተጻፈም እንደዚሁ።

ስንቱ ነው በስልክ ሲጨቃጨቅ ከርሞ፣ ተሳድቦ፣ አስታራቂ ልኮ፣ አንዲት ገጽ ማስጠንቀቂያ ሳይጽፍ ሌላ አቅራቢ ጋ የሚሄደው! ከዚያ ክስ ሲመጣ መቼ አስጠነቀቅኸኝ ይባላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ሕጉ ለአያ ጅቦም ቦታ አዘጋጅቶለታል። የጥሬ ዕቃ ዋጋ ጨመረ ወይም ቀነሰ ማለት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም ይላል፤ ቁጥር 1794። ፈጽሞ ያልታሰበ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጦርነት፣ የመንግሥት ክልከላ ሌላ ነገር ነው። ሲሚንቶ ተወደደ፣ ዶላር ጨመረ ግን አያስጥልም። ዳኛም ውሉ ለአንደኛው ወገን ከበደ ብቻ ብሎ አይለውጠውም። ከዋጋ መናወጥ መዳን የሚፈልግ ሰው ከፊርማው በፊት ይጻፈው። እንዲያውም ሕጉ ራሱ በር ከፍቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከተጓደለ ውሉን ልሰርዝ እችላለሁ ብሎ መዋዋል ይፈቀዳል። ለአንተ የሞት ሽረት የሆነው ነገር ለሌላው ምስማር ሊመስለው ይችላል፤ ካልነገርከው ከየት ያውቃል?

እንዲህ ስል፣ የዓለም ፍርድ ቤት ሁሉ ምስማርን ይቅር ይላል እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1933 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት፣ ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ፣ ያየውን የአርኮስንና የሮናሰንን ክርክር ስሙ። የተሸጠው የሩሲያ እንጨት ነው፤ የሲሚንቶ በርሜል የሚሠራበት ስስ ሳንቃ። ውሉ ውፍረቱ ግማሽ ኢንች ይሁን ይላል። የመጣው እንጨት አብዛኛው ከግማሽ ኢንች በጥቂቱ ወፈር ይላል፤ ልዩነቱ የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ የማይሞላ። ለበርሜል ይሆናል? በደንብ ይሆናል። ገዢው ለምን አልቀበልም አለ? ገምቱ፤ የእንጨት ዋጋ ወድቋል። የጌቶች ምክር ቤት ግን ገዢውን ደገፈ። ግማሽ ኢንች ብለህ ከሸጥህ ግማሽ ኢንች አምጣ፤ ገደማ ማለት ከፈለግህ ገደማ ብለህ ጻፍ አሉ።

እኔ ሽማግሌ ብሆን እንዲህ አልፈርድም ነበር። ሻጩም በከፊል የእጁን አግኝቷል እላለሁ፤ ግን ያን ሁሉ እንጨት ስለ አንድ የፀጉር ስፋት ማስመለስ ቅን ልቦና ይጎድለዋል። የእንግሊዝ ፓርላማም ብዙ ቆይቶ፣ በ1994፣ በነጋዴዎች መካከል ጉድለቱ እጅግ ትንሽ ከሆነ ዕቃውን መመለስ ምክንያታዊ አይሆንም የሚል ሕግ አውጥቷል።

አሁን ወደ ብርቱካኑ። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ለመጨረሻ ያቆየሁትም ለዚያ ነው።

ፍሎሪዳ ውስጥ ብርቱካን ተጨምቆ ጭማቂው ሲወጣ ልጣጩና ገለፈቱ ይቀራል። ያንን አድርቀው፣ ጠፍጥፈው፣ ለከብት መኖ ይሸጡታል፤ እንደኛ ፋጉሎና ፉርሽካ ያለ ነገር ነው። ሴሃቬ የተባለው የኔዘርላንድስ መኖ አምራች እ.ኤ.አ. በ1970 ብሬመር ከተባለ የጀርመን ነጋዴ ብዙ ሺህ ቶን ገዛ። ውሉ ዕቃው በደህና ሁኔታ ይጫናል ይላል። «ሃንዛ ኖርድ» የተባለች መርከብ ከዚያ ውስጥ ወደ 3,300 ቶን የሚሆነውን ይዛ በ1971 ግንቦት ሮተርዳም ገባች። ገዢው ቀድሞ ወደ 100,000 ፓውንድ ከፍሏል። በዚያ ሰሞን ግን ገበያው ወርዶ፣ ሸቀጡ ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ቢሆን እንኳ 86,000 ፓውንድ ገደማ ነበር የሚያወጣው።

የመርከቧ አንዱ ክፍል ሲከፈት 1,260 ቶን ያህሉ ሙቀት ገብቶበት ከፊሉ ተበላሽቷል። የሌላው ክፍል ግን ደህና ነው። ሴሃቬ፣ በደህና ሁኔታ አልተጫነም፣ ሁሉንም አልቀበልም፣ ገንዘቤን መልሱ አለ። ሻጩ እምቢ አለ። ልጣጩ የሁለቱም ሳይሆን በጭነት ጀልባዎች ላይ ተንሳፍፎ ቀረ።

የጀልባዎቹ ባለቤቶች ደግሞ ሂሳባቸው አይጠብቅም። ሮተርዳም ፍርድ ቤት ሄደው ዕቃው እንዲሸጥ አስፈቀዱ። አንድ የከተማው አስመጪ ከ34,000 ፓውንድ በታች ገዛው። ይኸው አስመጪ በዚያው ዕለት፣ በዚያው ዋጋ፣ ለሌላ ሰው መልሶ ሸጠው።

ለማን መሰላችሁ? ለሴሃቬ!

ያው ሴሃቬ፣ አልቀበልም ያለውን ልጣጭ፣ ከሦስት አንድ እጅ በሆነ ዋጋ፣ በነዚያው ጀልባዎች ጭኖ ወደ ፋብሪካው ወሰደው። ምን አደረገበት? የከብት መኖ ሠራበት፤ መጀመሪያ የገዛው ለዚያው ነበር። በየድብልቁ የሚያገባውን መጠን ቀነስ ከማድረግ በቀር እንደ ወትሮው ተጠቀመበት። የኔዘርላንድስ ላሞችም በሉት።

ነገሩ ለንግድ ገላጋዮች ቀርቦ፣ የይግባኝ ጉባኤያቸው ለሴሃቬ ፈረደለት፤ የመጀመሪያው ዳኛም አጸናለት። ውሉ ደህና ሁኔታ ብሏል፤ ደህና አልነበረም፤ የሸቀጥ ሽያጭ ሕግ ደግሞ ያረጀ፣ የጠበቀ ሕግ ነው። በ1975 ነገሩ ለይግባኝ ሲደርስ ሎርድ ዴኒንግና ሁለት ባልደረቦቹ ገለበጡት። የሆንግኮንግ ፈር ጥያቄ በዕቃ ሽያጭም ላይ ይሠራል አሉ። ጉድለቱ ዕቃውን ለታሰበለት ሥራ የማይሆን እስኪያደርገው አልደረሰም፤ ሌላ ምስክር ቢጠፋ የገዢው የራሱ ፋብሪካ ይመሰክራል። ስለዚህ ሴሃቬ ሁሉንም የመመለስ መብት አልነበረውም፤ ገንዘቡ አይመለስለትም።

የተበላሸው ግን ተበላሽቷልና ሻጩም ነጻ አልወጣም። ደህና ቢሆን በሚያወጣው ዋጋና እንደ መጣ ባወጣው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ለገዢው ይገባዋል ተባለ፤ ሂሳቡን እንዲሠሩት ጉዳዩ ወደ ገላጋዮቹ ተመለሰ።